ቡችሎቻችሁ በትል እንዳያልቁ፦ ከእርግዝና እስከ ስድስት ወር ምን እናድርግ?

ከሰንዳፋ መስመር ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ውሻ የሌለው ግቢ የለም ማለት ይቻላል። ሌሊት ጅብ ይመጣል፣ ሌባም ይመጣል፣ አጥሩ ደግሞ ገና ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ውሻ ትወልዳለች፣ ቡችሎቹን ጎረቤት ይከፋፈላል። የሚያሳዝነው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እየሞቱ ሲያልቁ ነው። «ብርድ መታቸው» እንላለን። «እናትየዋ ተኛችባቸው» እንላለን። ዓይን በላቸው የሚልም አለ። ብዙ ጊዜ ግን የሚገድላቸው ትል ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ሐምሌ ላይ የእኔ ውሻ ሰባት ወለደች። ሁሉም ድብልብል ያሉ፣ ሁሉም ጤነኛ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንዱ መጥባት አቆመ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ባትሪ አብርቼ ከንፈሩን ገለጥ ሳደርገው ድዱ ሮዝ አልነበረም። እንደ እርጎ ነጭ ነበር። ሳይነጋ ሞተ። በአሥር ቀን ውስጥ አራት ቀበርኩ። ግራ ሲገባኝ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄድኩ፤ ሻጩ ቡችላው ስንት ኪሎ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ የበግ ክኒን አውጥቶ «ቆራርሰህ ስጣቸው» አለኝ፤ እኔም ቆራርሼ ሰጠሁ። ዛሬ ቢሆን አላደርገውም። ከዚያ ወዲህ ሐኪም እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩ፣ በሦስት ወሊድ ላይ እየሞከርኩ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

ትሉ ከየት ይመጣል?

መሬት ልሰው የመጣባቸው ይመስለን ነበር። ግን ዓይኑን ያልገለጠ፣ ከጎጆው ያልወጣ ቡችላ ምን መሬት ይልሳል? የሚመጣው ከእናቱ ነው።

ይሄን ነገር በደንብ የገባኝ ከእኛ በጣም ርቆ ስለሚኖር እንስሳ ሳነብ ነው። አላስካ አጠገብ፣ ቤሪንግ ባሕር ውስጥ፣ ፕሪቢሎፍ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ሲል የሚባሉት የባሕር አጥቢዎች በመቶ ሺዎች እየተሰበሰቡ ይወልዳሉ። ግልገሎቹ በመንጠቆ ትል (አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም በሚመጥ ትል) እየደሙ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለት ተመራማሪዎች የትሉን የሕይወት ዑደት ዘርዝረው አሳተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እጩ፣ ማለትም ከእንቁላል የወጣው ገና ያላደገው ትል፣ ከአሸዋው በእንስሳቷ ቆዳ በኩል ይገባና ስቧ ውስጥ ይተኛል። ወር ሁለት ወር ሳይሆን ረጅም ጊዜ ይተኛል፤ እሷንም አያማትም። በወለደች ጊዜ ይነቃል፣ ወደ ጡቷ ይሄዳል፣ በእንገሩ ወደ ግልገሉ ይገባል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ግልገሉ አንጀት ውስጥ አድጎ ደም እየመጠጠ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከሰገራው ጋር አሸዋው ላይ ይወድቃል፣ ይፈለፈላል፣ ቀጣዩን እንስሳ ይጠብቃል። አዋቂው ትል የሚገኘው ግልገሎቹ አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ አጠገብ ሳን ሚጌል ደሴት ላይ የሚወለዱት የባሕር አንበሳ ግልገሎችም በዚሁ ትል ዘመድ ይጠቃሉ። አሸዋማው ዳርቻ ላይ የሚወለዱት ድንጋያማው ላይ ከሚወለዱት የበለጠ ይጎዳሉ፤ እጩ ድንጋይ ላይ መደበቂያ የለውም።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። የውሻ መንጠቆ ትልም በወተት ይተላለፋል። የውሻ ወስፋት ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ እናትየዋ ሥጋ ውስጥ የተኛው እጭ ከ42ኛው የእርግዝና ቀን አካባቢ ጀምሮ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። ቡችላው ትሉን ይዞ ነው የሚወለደው። በሦስት ሳምንቱ ሰገራው ውስጥ እንቁላል ሊታይ ይችላል። «ገና ጨቅላ ናቸው፣ ሁለት ወር ሲሞላቸው መድኃኒት እሰጣለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚገድላቸው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በወተት ይመጣል ብላችሁ እንገሩን እንዳትከለክሏቸው። ያለ እንገር ቡችላ በሽታ የሚከላከልበት ነገር አይኖረውም። ወተቱን ይጥባ፣ ትሉን እኛ እናክመው።

ከመውለዷ በፊት

ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው። ከወንድ ውሻ ጋር የተገናኘችበትን ቀን ካያችሁ ግድግዳው ላይ ያለው ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉ።

ተራው የትል መድኃኒት አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ሥጋ ውስጥ የተኛውን እጭ ግን ብዙም አይነካውም። ስለዚህ «እናትየዋን ባለፈው ወር አክሜያለሁ» ማለት ቡችሎቹ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። እጩን የሚቀንስ አንድ የታወቀ መንገድ አለ፦ ፌንቤንዳዞል የሚባለውን መድኃኒት ከእርግዝናዋ 40ኛ ቀን ጀምሮ ከወለደች እስከ 14ኛው ቀን ድረስ በየቀኑ መስጠት። ረጅም ነው፣ ወጪም አለው፣ መጠኑንም የእንስሳት ሐኪም ነው የሚወስነው። ካልቻላችሁ አትጨነቁ፤ ቡችሎቹን በጊዜያቸው ካከማችሁ አብዛኛውን ታድናላችሁ።

የምትወልድበትን ቦታ ግን ማንም ሰው ማዘጋጀት ይችላል። ባዶ አፈር ላይ አይሁን። ሲሚንቶ ወለል ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ ጣውላ አንጥፉ። አሮጌ ጆንያና ጭድ ይበቃል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ክረምት ከሆነ ዝናብ የማይገባበት፣ በጋ ከሆነ ፀሐይ የሚያገኝ። የመንጠቆ ትል እጭ እርጥበት ይወዳል፤ ሲደርቅበትና ፀሐይ ሲያገኘው ይሞታል። ከመውለዷ በፊት ሆዷንና ጡቷን ለብ ባለ ውኃና ሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፣ ፀጉሯ ላይ የተጣበቀ እንቁላል ይቀንሳል።

በየቀኑ ድድ ማየት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ቡችላውን በግራ እጃችሁ ደረታችሁ ላይ አስጠጉት። በቀኝ አውራ ጣታችሁ የላይኛውን ከንፈር ወደ ላይ ገለጥ አድርጉ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፣ እርጥብ ነው። በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ነጭ ይሆንና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ሮዝ ይመለሳል። ድዱ የገረጣ ከሆነ ያው ቀን ሐኪም ጋ። ነጭ ከሆነ በዚያው ሰዓት። ጥቁር ድድ ያላቸው ውሾች ስላሉ ያኔ ምላሱንና የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን እዩ።

ለምን እንደማጣድፋችሁ ልንገራችሁ። አንድ የውሻ መንጠቆ ትል በቀን 0.1 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ደም ሊያፈስ ይችላል። ትንሽ ይመስላል። መቶ ትል ሲሆን 10 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ቡችላ ሙሉ ደሙ ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። ስለዚህ ትናንት ሲጫወት የዋለ ቡችላ ነገ ሊሞት ይችላል። ይባስ ብሎ ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር ሊገድለው ስለሚችል፣ በዚህ ዕድሜ የሰገራ ምርመራ «ነፃ ነው» ቢል እንኳ ድዱ ከገረጣ ድዱን እመኑ።

ሌላ የምታዩት ነገር፦ የወስፋት ሆድ። ቡችላው ጎኑ ከስቶ ሆዱ ብቻ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ፀጉሩ ይንጨፈረራል፣ አንዳንዴ ያስለዋል፤ እጩ በሳንባ በኩል ስለሚያልፍ ነው ሳሉ። ፓስታ የመሰለ ነጭ ትል ሊያስመልሰው ይችላል። ጥቁር፣ ሬንጅ የመሰለ ተቅማጥ ካያችሁ ደግሞ መንጠቆ ትሉን ጠርጥሩ፤ የተፈጨ ደም ነው። ቂጡ አካባቢ የደረቀ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካለ በቁንጫ የሚተላለፈው የኮሶ ትል ዓይነት ነው፤ ቁንጫውን ሳታጠፉ ትሉን ብቻ ብታክሙ ተመልሶ ይመጣል።

መዝኑ

መመዘን ግዴታ ነው። በዓይን ግምት አይሆንም። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ ቡችላውን ውስጡ አስገቡ። ከሌላችሁ ሰፈር ያለው ባለ ሱቅ አይከለክላችሁም፤ ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ ዘንቢሉን ባዶውን መዝኑ፣ ከዚያ ከነቡችላው። እኔ ለእያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ክር አንገቱ ላይ ላላ አድርጌ አስሬ ኪሎውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ክሩን በየሁለት ቀኑ ላላ አድርጉት፣ ቶሎ ነው የሚያድጉት። ኪሎ የማይጨምር ቡችላ ካለ ሌላ ምልክት ባይኖረውም መጀመሪያ እሱን ተጠራጠሩ።

መድኃኒቱ

ቀኑ እንዲህ ነው፦ በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንታቸው። ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ። እናትየዋም ከልጆቿ ጋር በዚያው ቀን ትውሰድ፤ ልጆቿን ስትልስና ሰገራቸውን ስታጸዳ እንቁላሉንም ትውጣለችና። ለምን ይደጋገማል ያላችሁ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ዛሬ አንጀት ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ ገና በሥጋና በሳንባ እየዞረ ያለው ግን ከሳምንት በኋላ ይደርሳል፣ ከወተቱም አዲስ ይጨመራል።

ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ለቡችላ የሚሰጡት ሁለት መድኃኒቶች ፓይራንቴልና ፌንቤንዳዞል ናቸው። ፓይራንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ። ፌንቤንዳዞል በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ ለሦስት ተከታታይ ቀን። ሁለቱም ወስፋትንና መንጠቆ ትልን ይመታሉ። የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙ ይንገራችሁ፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ግን እናንተም ቻሉበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፌንቤንዳዞል 10% ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። 2.5% ከሆነ 25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ቡችላው 1.2 ኪሎ ቢሆን፣ 1.2 ሲባዛ በ50፣ 60 ሚሊ ግራም ይመጣል። ከ10 ፐርሰንቱ 0.6 ሚሊ ሊትር፣ ከ2.5 ፐርሰንቱ ግን 2.4 ሚሊ ሊትር። አራት እጥፍ ልዩነት!

አሰጣጡ ከባድ አይደለም። ጠርሙሱን በደንብ በጥብጡት፣ መድኃኒቱ ሥር ይዘቅጣል፤ ሳይበጠበጥ ከላይ የቀዳችሁለት ቡችላ ውኃ ጠጣ ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከመጠን በላይ ይወስዳል። ትንሽ ስሪንጅ ያለ መርፌ ያዙ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አትቆልምሙት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ስሪንጁን በጉንጩ በኩል፣ በድዱና በጉንጩ መሀል አስገቡና ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ስጡት፤ ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ያኔ ትንሽ ጨምሩ። በማግስቱ ሰገራው ውስጥ የተጠቀለለ ትል ብታዩ አትደንግጡ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል።

ድዱ የገረጣው ቡችላ ግን በትል መድኃኒት ብቻ አይድንም። ሙቀት፣ ብረት ያለው መድኃኒት፣ አንዳንዴም ደም መውሰድ ያስፈልገዋል። ይሄ የሐኪም ሥራ ነው።

የማይሰጥ

የከብትና የበግ ክኒን ቆርሶ መስጠት ይቅር። ለ300 ኪሎ በሬ ወይም ለ30 ኪሎ በግ የተሠራን ክኒን ለ600 ግራም ቡችላ በትክክል መቁረስ አይቻልም። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው አልቤንዳዞል ደግሞ ውሻ ላይ የአጥንት መቅኒን እንደሚጎዳ ይታወቃል። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌም እንዲሁ፤ መጠኑ ትንሽ ካለፈ የቡችላን አእምሮ ይመታል። ኒውዚላንድ ውስጥ ለባሕር አንበሳ ግልገሎች አይቨርሜክቲን ተሰጥቶ ረድቷቸዋል፤ ግን ባለሙያዎች መጠኑን ለግልገል አስልተው ነው የሰጡት። «ለእነሱ ከሠራ ለእኛም» አይባልም።

ነጭ ሽንኩርት አትስጡ። ጎረቤቴ እማማ በቅንነት «ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት በወተት ስጣቸው፣ ትሉን ያወርደዋል» ብለውኛል። ለሰው የሚሉት ነው። ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ደሙ ያለቀበት ቡችላ ላይ ይሄ ሲጨመርበት አስቡት። ኮሶም እንቆቆም መተሬም በአገራችን የታወቁት ለሰው የኮሶ ትል ነው፤ የቡችላን ገዳይ የሆኑት ወስፋትና መንጠቆ ትል ሌላ ዓይነት ናቸው። ኮሶ ደግሞ ለአዋቂ ሰውም ከባድ ነው።

ግቢውን ማጽዳት

ሰገራቸውን በየቀኑ አንሱ። በየሳምንቱ አይደለም፣ በየቀኑ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ የመንጠቆ ትል እንቁላል እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ ውስጥ ቆዳ የሚበሳ እጭ ይሆናል፤ የወስፋት እንቁላል ደግሞ ለመብሰል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በየቀኑ ካነሣችሁ ሁለቱንም ቀደማችኋቸው። ካላነሣችሁ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በረኪና አይገድለውም። ሲሚንቶ ወለል ከሆነ ሰገራውን ካነሣችሁ በኋላ የፈላ ውኃ ድፉበት፣ ይሄ ይሠራል። ያነሣችሁትን ከውኃ ጉድጓዱና ከጎመን መደቡ አርቃችሁ በጥልቅ ቅበሩ። ለጎመን ማዳበሪያ አታድርጉት፣ እለምናችኋለሁ። እንቁላሉ ልጅ ሆድ ውስጥ ከገባ እጩ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ ዓይን ይሄዳል፤ በዚህ ሳቢያ አንድ ዓይናቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ልጆች ከቡችሎቹ ጋር ይጫወቱ፣ ከልክሏቸው አልልም፤ ግን ጫማ ያድርጉ፣ ጥፍራቸው ይቆረጥ፣ ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

የበዓል ዕለት

ፋሲካ፣ ገና፣ አረፋ ሲሆን፣ ሰፈሩ ቅርጫ ሲያርድ፣ ሳንባውና ውኃ የቋጠረው ጉበት ለውሻ ይወረወራል። ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው። ያ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ የምታዩት ውኃ የቋጠረ ከረጢት ግን ውስጡ የአንድ በጣም ትንሽ የውሻ ትል እጮች አሉት። ውሻው በልቶት ስድስት ሰባት ሳምንት ሲሆነው በሰገራው እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ሰው ሆድ ሲገባ ያንኑ ዓይነት ከረጢት ጉበታችን ላይ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚድነው በቀዶ ጥገና ነው። ውሻው ግን ምንም ያመመው አይመስልም።

ስለዚህ ሳንባና ጉበት ለውሻ የሚሰጥ ከሆነ ተቆራርጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። ከረጢት ያለበት ሁሉ ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ድንጋይ ይጫንበት። ፓይራንቴል ይሄን ትል አይነካውም። የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፤ ከአራት ሳምንት በታች ላሉ ቡችሎች አይሰጥም። ጥሬ ሥጋ የሚያገኝ ውሻ ካላችሁ በየስድስት ሳምንቱ መስጠቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

ምርመራና ማስረከብ

በ8 ሳምንታቸው፣ መድኃኒቱን ከመስጠታችሁ በፊት፣ ሰገራ ብታስመረምሩ ደስ ይለኛል። የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ትኩስ ሰገራ፣ ንጹሕ ክዳን ባለው ብልቃጥ፣ በዚያው ቀን ይድረስ። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ማይክሮስኮፕ ካለው እዚያው ይታያል። በምሥራቅ በኩል ላለነው ደግሞ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላቸው ነው።

ቡችላውን ለጎረቤት ስትሰጡ ወረቀት አብራችሁ ስጡ። ባዶ እጁን የሄደ ቡችላ መድኃኒቱ እዚያው ላይ ይቋረጣል፤ አዲሱ ባለቤት አያውቅማ። ባለፈው መስከረም ለእማማ የሰጠኋት ቡችላ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት፦ «ነጯ፣ ሴት፣ ቀይ ክር። የተወለደችው ሐምሌ 20። ኪሎዋ 2.1። ፌንቤንዳዞል አራት ጊዜ ወስዳለች፣ የመጨረሻው መስከረም 15 የጀመረው። ቀጣዩ ጥቅምት 15፣ ከመስጠትዎ በፊት ይመዝኗት፣ ሚዛን ከሌለዎት እኔ ጋ ይምጡ። ነጭ ሽንኩርት አይስጧት።»